የገብሱ ወለድ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ በጥርሱ ብቻ ሳይሆን በአዋጁም በሚፈራበት ዘመን፣ በአንድ ገደል አፋፍ ላይ ቡሊት የምትባል አህያ ትኖር ነበር።

የአንበሳ አዋጅ አጭር ነው። «ያለ ፍርድ ደም ያፈሰሰ ደሙ ይፈሳል» ይላል፤ ሌላ የለውም። አዋጁ ከተነገረ ወዲህ ጅብ አህያ ባየ ቁጥር ምራቁን ይውጣል እንጂ አይነካትም። አህያም ጅብ ባየች ቁጥር ጉልበቷ ይብረከረካል እንጂ አትሮጥም። መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደርሽ»፣ «እግዜር ይመስገን» ተባብለው ይተላለፋሉ። ካለፉ በኋላ ግን ሁለቱም ዘወር ብለው ይተያያሉ። ሰላሙ እንዲህ ያለ ሰላም ነበር።

የቡሊት ባል ዳማው ይባላል። በክረምቱ መሃል የአፋፉ ጭቃ አንሸራቶት ገደል ገብቶ ሞተ። ለእሷ ትቶላት የሄደው አብረው የዘሩትን ገብስና በሆዷ የያዘችውን ውርንጭላ ነው።

መኸሩ ሲገባ ጎተራዋ እስከ አፉ ሞላ። ቀስ ተብሎ ከተበላ እሷንም በሆዷ ያለውንም እስከ ክረምት የሚያደርስ እህል ነበር። እሷም ያሰበችው እንደዚያው ነው። በጠዋት ትነሳለች፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ትጸልያለች፣ ከጎተራው ትንሽ ትቀምሳለች፣ ክዳኑን መልሳ ትከድናለች። እንዲህ እያለች ስትኖር አንድ ቀን በቅሎ መጣች።

«እትዬ ቡሊት፣ የነፍስ ኄር ዳማው ነገር እንዲያው በዝምታ ሊቀር ነው?» አለች በቅሎ፣ ጎተራውን እያየች።

«የምን ዝምታ? አርባውን ጾሜ ጸልዬለታለሁ።»

«ጸሎትማ ማን ያቅተዋል! ተዝካሩን ነው የምልሽ። መንፈቁ እኮ ደረሰ። ፍየሏ እንኳ፣ ያቺ ጭንጋፍ፣ ለባሏ ጎተራ ገልብጣ አብልታለች። አገሩ ምን ይላል? ‹ቡሊት ባሏን እንደ ውሻ ቀበረችው› ቢባል ደስ ይልሻል? እኔ ለስምሽ ብዬ ነው እንጂ ሆዴ አይደለም።»

ሟች የሚፈልገው ጸሎት ነው፤ ድግስ የምትፈልገው በቅሎ ናት። ቡሊት ይህን አላጣችውም። ግን የአገሩን አፍ ፈራች። ረኃብ ገና ሩቅ ነው፤ ሐሜት ግን ደጃፍ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ጎተራውን ገለበጠችና ደገሰች። በቅሎ መጣች፣ ፈረስ መጣ፣ ፍየሏ መጣች፣ ማንም ያልጠራቸው ዝንጀሮዎች ከነልጆቻቸው መጡ። በሉ፣ «ነፍስ ይማር» አሉ፣ አፋቸውን ጠርገው ሄዱ። የካቲት ሲገባ በጎተራው ውስጥ የቀረ ነገር ቢኖር አንዲት ሸረሪት ነበረች።

ቡሊት ሆዷ እየገፋ፣ ጎኗ እየጎደጎደ ሄደ። አፍራ አፍራ ሲብስባት በቅሎ ዘንድ ሄደች።

«ውይ እትዬ! ትናንት ብትመጪ ኖሮ!» አለች በቅሎ በሩን ገርበብ አድርጋ። ከኋላዋ የሚታኘክ ነገር ይሰማ ነበር።

ከዚያ ስትመለስ ነው ቀበሮ መንገድ ላይ ያገኛት።

«እትዬ ቡሊት፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? ለሁለት የምትበላ ሴት እንዲህ ትሆናለች?»

«ምን ልብላ አያ ቀበሮ? ጎተራዬ ባዶ ነው።»

«ገብስ በስልቻ ተቆልሎ እየነቀዘ አንቺ ትራቢያለሽ? አያ ጅቦ ዋሻ ውስጥ እኮ ገብስ አለ።»

ቡሊት ጆሮዋ ቀጥ አለ። «ጅብ ገብስ ከየት አመጣ?»

«ነጋዴዎች ናቸው። ገደሉ ሥር ሲያልፉ እሱን አይተው ጭነታቸውን ጥለው ሸሹ። ምስኪን፣ ‹ደህና ዋላችሁ› ሊላቸው ብቻ ነበር።»

ቡሊት እምቢ ማለት ፈለገች። እግሯ ግን ቀበሮን ተከተለ። ረኃብ ያለበት ሰውነት ከራሱ ጋር አይማከርም።

የዋሻው አፍ በቀትር ፀሐይ እንኳ ጨለማ ነበር። ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። በር ላይ የተጋጠ አጥንት ተበትኗል፤ ቡሊት አንዱን ረግጣ ቀሽ ሲል በሆዷ ያለው ውርንጭላ ዘለለ። ጅቡ ከውስጥ ወጣ። ዓይኑ ወደ ፊቷ አልሄደም፤ ወደ ሆዷ ነበር።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለ ጅብ። «እንኳን ደህና መጣችሁ።»

ቀበሮ በጅራቱ ጠቅ አደረገው። «እንግዲህ እትዬ፣ ብድሩ ቀላል ነው። ይኸን የሞላ ስልቻ ዛሬ ትወስጃለሽ። ሰኔ ላይ ዋናውን ትመልሻለሽ፤ ከዋናው ጋር ወለዱን።»

«ወለዱ ስንት ነው?»

«አንድ ነው!» አለ ጅብ ቸኩሎ።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትንሽ ነው ለማለት ፈልጎ ነው። ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ዛሬ ቢፈልጉት እንኳ ለዓይን አይታይም። እያደር ነው የሚያድገው።»

«ወለድማ እንዲያ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች ቡሊት። ሰዎች ገበያ ሲሄዱ ጀርባዋ ላይ ተቀምጠው ስለ ወለድ ሲያወሩ ሰምታ ነበር። እየሰማች ምንድነው ብላ ጠይቃ አታውቅም።

በዚያች ሰዓት አንድ ጥያቄ እስከ ጉሮሮዋ መጣባት። ገብስ የማይበላ አውሬ ገብስ አበድሮ ምን ይጠቀማል? ጥያቄውን ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት የገብሱ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ዋጠችው።

«በአንበሳ ስም ማይ» አለ ቀበሮ።

«በሰኔ ዋናውን ልመልስ፤ ወለዱንም ላስረክብ» ብላ ማለች።

«እኔም ዋስ ነኝ» አለ ቀበሮ ደረቱን ነፍቶ።

ጅብ ግራ ገባው። «ዋስ ምንድነው?»

«እሷ ካልሰጠችህ እኔ እሰጥሃለሁ ማለት ነው።»

«ምኑን?»

«ወለዱን ነዋ፣ አንተ ደነዝ!»

ጅብ እጅግ ደስ ብሎት ሳቀ። የጅብ ሳቅ ምን እንደሚመስል የሰማ ያውቀዋል። ቡሊት ስልቻዋን ተሸክማ ቁልቁለቱን ስትወርድ ሳቁ ከኋላዋ አልቀረም።

ከስልቻው ግማሹ እስኪያልቅ ድረስ ኑሮ ደህና ነበር። ጎኗ ሞላ፣ ጠጉሯ አበራ። ከዕለታት አንድ ቀን በጠዋት ጸሎቷን ጨርሳ ዘወር ስትል ጅብ ከበሯ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«እንደምን አደርሽ። ወለዴ ደህና ነው?»

«ምን አልክ አያ ጅቦ?»

ጅብ ተነስቶ ቀረበ። አፍንጫውን ከሆዷ አስጠግቶ ረዘም አድርጎ አሸተተ። ትንፋሹ ይሞቃል። ውርንጭላው በዚያች ደቂቃ ተራገጠ።

«ኸረ ይራገጣል! ቀበሮ እውነቱን ነው፤ እያደር ያድጋል ብሎኝ ነበር። ብዪ፣ በደንብ ብዪ። ገብሱን አትሰስቺበት። እኔ የሰባ ነው የምወድ።»

«አያ ጅቦ…» አለች ቡሊት። «ወለዱ እኮ… ትርፍ እህል ነው።»

«የምን እህል? እኔ እህል እበላለሁ? የምትወልጂውን ነው እንጂ! ወለድ አይደል የተባለው? ወለድ!» ቃሉን ደጋግሞ አለው፤ በምላሱ ላይ የጣፈጠው ይመስል። «በይ ደህና ዋይ። ሁለታችሁም።»

ጅብ ከሄደ በኋላም ቡሊት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የማለችው መሐላ አንድ በአንድ ተመልሶ በጆሮዋ አስተጋባ። ወለዱንም ላስረክብ። የባሏን ስም ለማስጠራት ብላ የባሏን ልጅ አስይዛለች።

በማግስቱ የቀረውን ግማሽ ስልቻ ተሸክማ ወደ ዋሻው ሮጠች። ጅብና ቀበሮ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ይኸው ውሰዱልኝ! የበላሁትን ሥር ምሼም ቢሆን እከፍላለሁ። ብድሩ ይቅርብኝ!»

ቀበሮ አልተነሳም። «ብድር እንደ ጎጆ በር ሲፈልጉ የሚገቡበት ሲፈልጉ የሚወጡበት አይደለም እትዬ። ሰኔ ተብሏል፣ ሰኔ ነው። ወለድ ተብሏል፣ ወለድ ነው።»

«አታላችሁኛል!»

«ማን አታለለሽ? የቃሉን ፍች ሳትጠይቂ የማልሽው አንቺ። አህያ የተባልሽው ለምን መሰለሽ?»

ሁለቱ ሳቁ። ስትመለስ በቅሎን አገኘችና አልቅሳ ነገረቻት። በቅሎ ጭራዋን እያወናጨፈች ሰማቻትና «ባይሆን ሌላ ትወልጃለሽ» አለች። እንግዲህ ለዚች አፍ ነበር ጎተራው የተገለበጠው።

ቡሊት ቤቷ ገብታ ተንበረከከች። «ጌታ ሆይ፣ እኔው በአፌ ነው የታሰርኩት። አንተ ፍታኝ» ብላ አለቀሰች። ውጭ ዝናብ ጀመረ፤ የበልግ ዝናብ።

ዝናቡ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲያባራ ወጣ አለች። ስልቻው ከታች በኩል ቀዳዳ ነበረው፤ ገብሱን በተሸከመች ቁጥር ከደጃፏ ላይ ፍሬ ይንጠባጠብ ነበር። ያ የተንጠባጠበው አጎንቁሏል። ጭቃው ውስጥ አረንጓዴ ጫፍ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብሏል። ቡሊት ልማዷ ሆኖ ልትግጠው አጎነበሰች። ከንፈሯ ሊነካው ሲል ቆመች።

«አንተም ትወልዳለህ ለካ» አለች ለገብሱ።

ከዚያ ቀን ጀምራ ከስልቻው አልቀመሰችም። አፉን በዛፍ ልጥ አሰረችና ሰቀለችው። ኮሸሽላ በላች፣ የደረቀ ቅጠል በላች፣ ሲጠፋ የጎጆዋን ክዳን ሣር መዘዘች። መሬቱን በሰኮናዋ ፈልፍላ፣ የቀረውን ገብስ እየቆጠበች ዘራችው። የተራበ ሆድ ይዞ እህል አፈር ላይ መጣል ቀላል ነገር አይደለም። በተለይ ሆድ ውስጥ የሚራገጥ ሲኖር። ደግሞም ያሰበችው መልስ አንበሳ ፊት ያዋጣት አያዋጣት አታውቅም። ያላት ግን ይኸው ብቻ ነው።

ጅብ ወለዱን ለማየት መምጣቱን አልተወም። አንዳንዴ በሯ ላይ፣ አንዳንዴ ምንጩ ዳር፣ አንዳንዴ ጸሎት ላይ ሳለች ከኋላዋ ይገኛል። በመጣ ቁጥር ሆዷን ያሸታል። በቡቃያው መሃል ሲያልፍ «ይሄ ሣር ምንድነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ገብስ ነው።»

«እፍ!» ብሎ ተፋበት።

ቀበሮም አንድ ቀን አጥሩ ላይ ቆሞ አየውና ዓይኑን ጠበብ አደረገ። «ምን ልታደርጊው ነው?»

«ዕዳዬን ነዋ የምከፍልበት አያ ቀበሮ።»

«እንዲህ ያለች ባለዕዳ ትባረክ!» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ዋሸችው አይባልም፤ የነገረችው እውነቱን ነው።

ሰኔ ደረሰ። ገብሱ ደርሶ ታጨደ፤ ቡሊት በሰኮናዋ አበራየችው። በዚያው ሰሞን ወለደች። ውርንጭላው ወንድ ነው፤ ግንባሩ ላይ እንደ ዳማው ነጭ ነጥብ አለው። ስትልሰው ደስታዋና ፍርሃቷ ተደባልቀው የትኛው የትኛው እንደሆነ አላወቀችም። ከበር ውጭ ኮቴ በሰማች ቁጥር በላዩ ትቆምበታለች።

ገና ወገቧ ሳይጠና ጅብና ቀበሮ መጡ። ጅብ ውርንጭላውን ሲያይ ለሃጩ መሬት ነካ።

«አምሮበታል! ቀበሮ፣ እይ እስቲ፣ እግሩን እይ!»

«ተው፣ እጅህን ሰብስብ» አለ ቀበሮ። «ያለ ፍርድ ከነካኸው አንበሳ ይነካሃል። ሥርዓቱ ቁራኛ ነው።»

ቁራኛ እንዲህ ነው። ባለገንዘቡና ባለዕዳው በአንድ ጠፍር አንገት ለአንገት ይታሰሩና ዳኛ ፊት እስኪደርሱ እንደተቆራኙ ይሄዳሉ። አንዱ ሲራመድ ሌላው ይራመዳል፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል። ባለዕዳ እንዳይጠፋ ተብሎ የተደረገ ነው። ጠፍሩ አጭር ነው። የጅብ ጉንጭ ከቡሊት ጉንጭ ከአንድ ክንድ በላይ አይርቅም።

«ሸክም ልያዝ» አለች ቡሊት።

«ያዢ፣ ያዢ። ዋናውንም አትርሺ» አለ ቀበሮ። እሷም በግራና በቀኝ ስልቻ ጫነች።

መንገዱ ገደል ለገደል ነው። ዳማው የወደቀበትም በዚያው ነው። ቡሊት ውርንጭላውን ከጅብ በተቃራኒ በኩል፣ ከጎኗ ለጥፋ አስኬደችው። ግን የተወለደ ሰሞን ልጅ ምን ያውቃል፤ አንዴ ከፊት ይቀድማል፣ አንዴ ከሆዷ ሥር ሹልክ ብሎ በጅብ በኩል ብቅ ይላል። ያኔ ጅብ አንገቱን ያሰግጋል፣ ጠፍሩ ይወጠራል፣ ቡሊት ባላት ጉልበት ሁሉ ወደ ኋላ ትስባለች።

«አንዲት ጆሮ ብቻ» አለ ጅብ። «ጆሮ ቢጎድለው ምን ይሆናል? ከወለዱ ላይ ተቀናሽ አድርጌ እይዘዋለሁ።»

«ታገስ አንተ ሆዳም!» አለ ቀበሮ ከፊት። «ከፍርድ በኋላ ሙሉውን ነው።»

«እንግዲያ ጭራውን። ጭራ ሥጋ አይባልም።»

የጅብ ትንፋሽ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። ጥርሱን ሲያፋጭ በጠፍሩ በኩል አንገቷን ይነዝራታል። ቡሊት ለአንበሳ የምትለውን በልቧ ታጠና ነበር፤ አንዱን ስትይዝ ሌላው ይጠፋባታል። አንበሳ ቢቆጣስ? መሐላዋን ብቻ ሰምቶ «አስረክቢ» ቢልስ? አንበሳም እኮ ሥጋ በሊታ ነው። ወደ ማን እየሄደች ነው? ይህን ስታስብ ተሰናከለች፤ ጅብም አብሯት ተሰናከለ።

«ገደል ልትከቺኝ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ ጅብ። እሱም ፈርቷል። ለካስ የታሰረ ሁሉ ከሁለት በኩል ነው የታሰረው። ያን ስትሰማ ልቧ ትንሽ መለስ አለላት።

አንበሳ ከዋርካ ሥር ተጋድሟል፤ ዝንጀሮዎች ችሎቱን ለማየት ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ዝንቦች በአፍንጫው ላይ ይዞራሉ፤ እሱ አይንቀሳቀስም። ዓይኑን ሳይገልጥ «ተናገሩ» አለ።

ቀበሮ ለጥ ብሎ እጅ ነሳ። ነገሩን አንድ በአንድ፣ በጣፈጠ አንደበት ተናገረ። ብድሩን፣ መሐላውን፣ ሰኔን። «ጌታዬ፣ እኛ ከቃሏ በላይ አንዲት ነገር አንጠይቅም» ብሎ ጨረሰ።

አንበሳ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «አንቺ አህያ፣ ተበድረሻል?»

«ተበድሬያለሁ ጌታዬ።»

«ወለዱንም ላስረክብ ብለሽ በስሜ ምለሻል?»

«ምያለሁ ጌታዬ።»

«እንግዲያ አስረክቢ።»

ዝንጀሮዎቹ ብድግ አሉ። ውርንጭላው እንኳ ከእናቱ ጡት አፉን አላቀቀ። ጅብ አፉን እስከ ጆሮው ከፈተ። ቡሊት ያጠናችው ነገር ሁሉ ጠፋባት፤ አንድም ቃል አልቀረም። የቀረው ጀርባዋ ላይ ያለው ሸክም ብቻ ነበር። ዝቅ ብላ አንዱን ስልቻ አንበሳ እግር ሥር ጣለችው። ከዚያ ሌላውን።

«ይኸው ዋናው» አለች። «ይኸው ደግሞ ወለዱ።»

«ይሄ ገብስ ነው!» ብሎ ጮኸ ጅብ። «ሁለቱም ገብስ ነው!»

«የተበደርኩት ገብስ ነው» አለች ቡሊት። አሁን ቃሉ ራሱ መጣላት። «ገብሱን ዘራሁት፣ ወለደ። የገብስ ልጅ ይኸው ገብስ ነው። ይህን ልጅ ግን ከዳማው ነው የወለድኩት። ዳማውን ደግሞ ከአያ ጅቦ አልተበደርኩም።»

አንበሳ ተነስቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ገብሱን አየ። ቀጥሎ ውርንጭላውን አየ። ውርንጭላውን ሲያይ ቆየ። ምላሱ ወጥቶ ከንፈሩን ዳሰሰ፤ ቡሊት ያንን አይታ እስከ ሞት የሚያደርስ ፍርሃት ፈራች። ከዚያ አንበሳ ዓይኑን ነቀለና ወደ ጅብ ዞረ።

«ወለድ የሚባለው ዋናው የወለደው ነው። ዋናህ ገብስ ነው? ወለድህም ገብስ ነው። ተቀበል።»

«አልፈልገውም! ገብስ አልበላም! ሥጋ ነው ብሎኝ እኮ ነው!»

«አልፈልገውም አለ፤ ሁላችሁም ስሙ። አህያ፣ ገብስሽን ይዘሽ ግቢ። አንተ ጅብ፣ ሥጋ ነው ያለህ ማን ነው?»

ቀበሮ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

«እሱ ነዋ!» አለ ጅብ። «‹የምትወልደውን ትበላለህ› አለኝ። ‹እሷ ካልሰጠችህ እኔ እሰጥሃለሁ› አለኝ። ዋስ ነው!»

«ቀበሮ፣ ዋስ ነህ?»

«ጌታዬ፣ ዋስ ማለት እንግዲህ እንደ አባባሉ ነው፤ በአንድ በኩል ስናየው…»

«ነህ ወይስ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያ አህያዋ ያልተበደረችውን ሥጋ ቃል የገባኸው አንተ ነህ። ባለዕዳው አንተ ነህ። ጠፍሩን ከእሷ ፍቱትና ከእሱ እሰሩት።»

ዝንጀሮዎቹ ጠፍሩን ከቡሊት አንገት ፈቱት። የቀበሮ አንገት ቀጭን ስለሆነ ሁለት ዙር አዞሩት።

«ጌታዬ፣ እኔ ሥጋ ከየት አመጣለሁ?» አለ ቀበሮ። የጣፈጠው አንደበቱ ቀጥኖ ነበር። አንበሳ ተመልሶ ተጋድሟል፤ ዓይኑን ጨፍኗል።

ጅብ ግን ቀበሮን ከጅራቱ እስከ ጆሮው ቀስ ብሎ አሸተተው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ይመስላል።

«አያ ቀበሮ፣ ቤትህ ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው። በጣም ሩቅ ነው።»

«ግድ የለም» አለ ጅብ። «መንገድ ላይ እንጫወታለን።»

ቡሊት ልጇን ከጎኗ ይዛ ቤቷ ገባች። ፀሐይ ቆልቆል ስትል በደጃፏ ኮቴ ሰማችና እንደ ልማዷ በልጇ ላይ ቆመች። ያለፈው ጅብ ነበር፤ ብቻውን። ጠፍሩ ከአንገቱ ተንጠልጥሎ መሬት ላይ ይጎተታል። ጫፉ ላይ ቋጠሮው አልተፈታም፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ጅብ አፉን እየላሰ «እንደምን አመሸሽ» አላት።

«እግዜር ይመስገን» አለች።

የዳማው ሙት ዓመት በደረሰ ጊዜ በቅሎ እንደገና ብቅ አለች። ዓይኗ ከጎተራው ላይ ነበር።

«እትዬ ቡሊት፣ እንግዲህ ሙት ዓመቱ…»

«ጸልየሽለት ሂጂ» አለቻት ቡሊት። ለዘር የሚሆነውን ስልቻ ለብቻው አስራ ሰቀለች፤ ለድኻ የሚሆነውን ሰፈረች፤ የጎተራውንም ክዳን ከደነች። ልጇ ከሆዷ ሥር ይጠባ ነበር። ኮቴ በሰማች ቁጥር ግን ዛሬም ድረስ ጆሮዋ ቀጥ ይላል።

ከዚህ የምንማረው የሰው አፍ ፈርተን ጎተራችንን እንዳንገለብጥ፣ ግድ ሆኖብን ብንበደር ደግሞ አበዳሪው ከእኛ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ከመማላችን በፊት እንድንጠይቅ፣ ከተበደርነውም ላይ ለዘር ቀንሰን እንድናስቀምጥ ነው።